የቶም አጥርና የጂም ባልዲ

የማርክ ትዌይንን «የቶም ሶየር ጀብዱዎች» ለመጀመሪያ ጊዜ ያነበብኩት የሰባተኛ ክፍል ተማሪ ሳለሁ ነው። መጽሐፏ በቀላል እንግሊዝኛ ተጨምቃ የተዘጋጀች፣ ሽፋኗ የተገነጠለ፣ ከቤተ መጻሕፍቱ መደርደሪያ ይልቅ በተማሪዎች ቦርሳ ውስጥ ስትዞር የምትከርም ትንሽ ቅጂ ነበረች። ከእርሷ በአእምሮዬ የቀረው ሣቅ ነው። አክስቱን የሚያታልል፣ ከትምህርት ቤት እየጠፋ ወንዝ የሚወርድ፣ በቅጣት የታዘዘውን ሥራ ለጓደኞቹ በዋጋ የሚሸጥ ልጅ ለእኛ እንግዳ አልነበረም፤ በየሰፈሩ ነበረና። እንዲያውም ቶም የሚለውን ስም ለአንዱ የክፍላችን ልጅ አውጥተንለት፣ ስሙ አድጎ እስኪያገባ ድረስ አብሮት ኖሯል።

ሙሉውን ልቦለድ ያነበብኩት ከብዙ ዓመታት በኋላ፣ ለሁለተኛ ዲግሪዬ ስዘጋጅ ነው። ከዚያ ወዲህ ስለ ምጸት በማስተምርበት ጊዜ ሁለተኛውን ምዕራፍ፣ ማለትም ቶም አጥር የሚቀባበትን ክፍል፣ በዋና ምሳሌነት ስጠቀምበት ቆይቻለሁ። ይህን መጣጥፍ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ግን የራሴ ንባብ ሳይሆን የአንዲት ተማሪ ጥያቄ ነው። ምዕራፉን በክፍል ውስጥ አንብበን፣ ስቀን፣ እኔም የምጸቱን ስልት በሰሌዳው ላይ ዘርዝሬ ስጨርስ፣ ከኋላ የተቀመጠች ልጅ እጇን አውጥታ፣ «መምህር፣ ውኃ ሊቀዳ የሄደው ልጅስ ተመልሶ መጣ?» አለችኝ። የምመልሰው አልነበረኝም። «የምዕራፉ ጉዳይ እሱ አይደለም» ብዬ አለፍኩ። ያን ዕለት ማታ ምዕራፉን ሳገላብጥ ልጁ አልተመለሰም። በልጅነቴ ያነበብኳትን አጭር ቅጂ አፈላልጌ ሳያት ደግሞ ልጁ ከነባልዲው ጭራሽ የለም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ያንን ልጅ መፈለግ ነው። ለዚህም መጽሐፉ ከየት እንደመጣና እንዴት «የልጆች መጽሐፍ» እንደተባለ አስቀድሞ ማየት ያስፈልጋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ ሌላ ካልተባለ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ደራሲው በመዝገብ ስሙ ሳሙኤል ክሌመንስ ይባላል። በ1835 ፍሎሪዳ በምትባል የሚዙሪ ክፍለ ሀገር መንደር ተወልዶ፣ አራት ዓመት ሊሞላው ሲል ቤተሰቡ በሚሲሲፒ ወንዝ ዳር ወደምትገኘው ወደ ሐኒባል ከተማ ተዛወረ። በልቦለዱ ሴንት ፒተርስበርግ ተብላ የተሣለችው ከተማ ይህችው ሐኒባል ናት። አባቱ በ1847 ሲሞት ትምህርቱን አቋርጦ በማተሚያ ቤት ተለማማጅ ሆነ፤ በ1859 የእንፋሎት መርከብ መሪነት ፈቃድ አገኘ፤ በ1861 የእርስ በርስ ጦርነቱ የወንዙን ጉዞ ሲዘጋው ወደ ምዕራብ ተሰደደ። ማርክ ትዌይን የሚለውን የብዕር ስም በ1863 የወሰደውም ከመርከበኞች አነጋገር ነው፤ የውኃው ጥልቀት 12 ጫማ መሆኑን፣ መርከብም ያለ ሥጋት ሊያልፍ እንደሚችል የሚያመለክት ጥሪ ነው።

በዚያ ዘመን የአሜሪካ ልጆች የሚያነቡት ታሪክ በአብዛኛው የሰንበት ትምህርት ቤት ታሪክ ነበር። በ1824 ፊላዴልፊያ ላይ የተቋቋመው የአሜሪካ ሰንበት ትምህርት ቤቶች ኅብረት የዚህን ዓይነት መጻሕፍት በብዛት አሳትሞ ያሰራጭ ነበር። በእነዚህ ታሪኮች ጨዋ ልጅ ይሸለማል፤ ረባሽ ልጅ ዛፍ ላይ ወጥቶ ይሰበራል፣ በሰንበት ዋና ወርዶ ይሰጥማል። (በእኛም የንባብ መጻሕፍት ውስጥ ሰነፉ ልጅ የሚወድቀው፣ ትጉሁ የሚሸለመው በዚሁ ሕግ ነበር፤ እኔ ራሴ ያን ሕግ አምኜ ያደግሁ ነኝ።) ትዌይን ይህን ልማድ ገና በ1865 ስለ አንድ ክፉ ልጅ፣ በ1870 ደግሞ ስለ አንድ ደግ ልጅ በጻፋቸው ሁለት አጫጭር ጽሑፎች ገልብጦ አሳይቶታል፤ ክፉው ይከብራል፣ ደጉ በፈንጂ ይበተናል። ቶማስ ቤይሊ አልድሪችም በ1870 የአንድ መጥፎ ልጅ ታሪክ ብሎ የራሱን ልጅነት አሳትሞ ነበር። ስለዚህ ቶም ሶየር ከባዶ ሜዳ የተነሣ አይደለም፤ ከጨዋ ልጆች መጽሐፍ ጋር የተጀመረ ክርክር ቀጣይ ነው። በአራተኛው ምዕራፍ ያለው የመጽሐፍ ቅዱስ ሽልማት ለዚህ ማስረጃ ነው። ሁለት ጥቅስ በቃሉ ያጠና አንድ ሰማያዊ ካርድ ያገኛል፤ አሥር ሰማያዊ አንድ ቀይ፣ አሥር ቀይ አንድ ቢጫ፣ አሥር ቢጫ አንድ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ሲሰላ ሁለት ሺህ ጥቅስ መሆኑ ነው። ቶም ካርዶቹን ከልጆች ለውጦ ሰብስቦ ይሸለማል፤ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሐዋርያት ስም ሲጠየቅ ግን ዳዊትና ጎልያድ ይላል።

መጽሐፉ የልጆች ይሁን የአዋቂዎች ደራሲውም አልቆረጠም ነበር። በ1875 ክረምት ሲጨርሰው ለአዋቂዎች ብቻ የተጻፈ ነው ብሎ ለወዳጁ ለሐያሲው ዊልያም ዲን ሐውልስ ጽፎለታል። ሐውልስ ረቂቁን አንብቦ፣ እንደ ልጆች ታሪክ አድርገህ አውጣው ብሎ መከረው፤ ምክሩንም ተቀበለ። ከዚያ ወዲያ ማለሳለስ ተጀመረ። ሐክ ፊን ስለ ፀጉሩ መበጠር ሲያማርር ሲኦልን ጠርቶ የተናገረው ቃል እንኳ ወደ ነጎድጓድ ተለወጠ። ልቦለዱ በሰኔ 1876 ለንደን ላይ፣ በታኅሣሥ ደግሞ አሜሪካ ውስጥ ታተመ።

ዓመቱ ልብ ሊባል ይገባዋል። ጦርነቱ ካበቃና ባርነት በሕገ መንግሥት ማሻሻያ ከተሻረ ገና አሥራ አንድ ዓመቱ ነበር። ታሪኩ ግን ወደ 1840ዎቹ ይመለሳል፤ መግቢያው ራሱ ዘመኑን ሠላሳ ወይም አርባ ዓመት ወደኋላ አድርጎ፣ በመጽሐፉ ያሉት የጥንቆላ እምነቶች በልጆችና በባሮች ዘንድ የተለመዱ እንደነበሩ ይናገራል። ባሮች ተጠሩ ማለት ነው፤ ነገር ግን ስለ ኪንታሮት መድኃኒትና ስለ ሞተ ድመት እንዲመሰክሩ ብቻ። ሚዙሪ በ1821 ወደ ኅብረቱ የገባችው ባርነትን እንደያዘች ነው። በ1841 ባሮችን ሊያስመልጡ ሞክረዋል በሚል ሦስት ሰዎች አሥራ ሁለት ዓመት እንዲታሰሩ በፈረደው ጉባኤ ውስጥ ከተቀመጡት አንዱ የደራሲው አባት ነበሩ። በ1847 ደግሞ የሚዙሪ ሕግ ጥቁሮችን ማንበብና መጻፍ ማስተማርን ከለከለ። እንግዲህ ቶም በጥቅስ ካርድ በሚነግድባት ከተማ ውስጥ ጂም ፊደል ቢማር መምህሩ ወንጀለኛ ሊሆን ነው።

ወደ ልጁ እንመለስ። ጂም መጀመሪያ የሚታየው በአንደኛው ምዕራፍ፣ በአንድ ዐረፍተ ነገር ነው። ቶም ከትምህርት ቤት ጠፍቶ ውሎ፣ ከእራት በፊት ከጥቁሩ ልጅ ጋር የነገውን እንጨት ለመቁረጥና ለመፍለጥ ይደርሳል፤ በትክክል ለመናገር ጂም ከሥራው ሦስት አራተኛውን ሲሠራ ቶም ጀብዱውን ለማውራት ይደርሳል። ይህን ዐረፍተ ነገር ለዓመታት እንደ ቀልድ አንብቤ አልፌዋለሁ፤ ቀልድም ነው። ሆኖም የአጥሩን ታሪክ በትንሹ አስቀድሞ የያዘ ነው። አንዱ ይሠራል፣ ሌላው ያወራል።

በማግሥቱ ቅዳሜ ቶም ኖራና ብሩሽ ይዞ ሠላሳ ያርድ ርዝመት፣ ዘጠኝ ጫማ ቁመት ካለው የሳንቃ አጥር ፊት ይቆማል። በዚህ ጊዜ ጂም የቆርቆሮ ባልዲ አንጠልጥሎ፣ እየዘለለና እየዘፈነ ከበሩ ይወጣል። ቶም ለወትሮው ውኃ መቅዳት የሚጠላ ልጅ ነው፤ ዛሬ ግን ከአጥሩ ይሻለዋልና፣ አንተ ቀባልኝ እኔ ልቅዳ ይለዋል። ጂም እመቤቲቱን ይፈራል። ቶም ነጭ ብይ ይሰጠዋል፤ የቆሰለ የእግር ጣቱንም ሊያሳየው ቃል ይገባል። ጂምም ልጅ ነውና ባልዲውን አስቀምጦ፣ ብዩን ተቀብሎ፣ ጨርቁ ሲፈታ ለማየት ያጎነብሳል። ወዲያው አክስት ፖሊ ከኋላ ደርሳ በነጠላ ጫማ ትመታዋለች፤ ባልዲውን አንሥቶ ይሮጣል። እዚህ ላይ ጂም ከምዕራፉ ይወጣል።

ከዚያ በኋላ የሚመጣውን አንባቢ ሁሉ ያውቀዋል። ቤን ሮጀርስ ፖም እየገመጠ፣ መርከብ መስሎ እየጮኸ ይመጣል፤ ቶም መቀባቱ ለማንም የማይሰጥ ዕድል እንደሆነ ያስመስላል፤ ቤን ፖሙን ከፍሎ ብሩሹን ይረከባል። ሌሎቹም ተራ በተራ ይከተላሉ፤ አጥሩ ሦስት ጊዜ ይቀባል። ተራኪው በመጨረሻ፣ ሥራ የሚባለው ሰው የሚገደድበት ነገር ነው፣ ጨዋታ የሚባለው ያልተገደደበት ነው የሚል ሐሳብ ያቀርባል። እኔም ይህን በሰሌዳ ላይ ጽፌ፣ አስተማሪዎቹም ተማሪዎቹም የሚወዱት ፍልስፍና ነው እያልኩ ኖሬያለሁ።

ይሁንና ይህ ሕግ የሚሠራው ለማን ነው? ቤን ሮጀርስ ሥራን በጨዋታ መልክ ሊገዛ የሚችለው ማንም ስለማያስገድደው ነው። ጂም ግን በዚያ ግቢ ውስጥ ሥራው በጨዋታ የማይለወጥለት ብቸኛው ልጅ ነው። ብዩን ቢቀበልም ውሉ አልፀናም፤ የሚዋዋልበት ጊዜ የራሱ አይደለምና። ለቶም ውኃ መቅዳት አንድ ቅዳሜ ከአጥር ማምለጫ ነው፤ ለጂም የዕለት ግዴታ ነው። ምጸቱ ሙሉ የሚሆነው ስለዚህ ጂም ከፊቱ ሲቆም ነው። እርሱን አውጥቶ አጥሩን ብቻ ማስቀረት፣ በልጅነቴ እንዳነበብኳት ቅጂ፣ ምዕራፉን የብልጥ ነጋዴ ተረት ያደርገዋል። ትዌይን ይህን ሁሉ አስቦበታል ለማለት አልደፍርም። ጽሑፉ ግን ይዞታል።

ልጁ እውነተኛ መነሻም ነበረው። ትዌይን በስተእርጅናው በጻፈው የሕይወት ታሪኩ ሳንዲ ስለሚባል ትንሽ ልጅ ያነሣል። ልጁ ከሜሪላንድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ከቤተሰቡ ተለይቶ የመጣ ባሪያ ሲሆን የክሌመንስ ቤተሰብ ሐኒባል ውስጥ ከአንድ ሰው ተከራይቶ ያሠራው ነበር። ቀኑን ሙሉ ይዘፍናል፣ ያፏጫል፣ ይጮኻል። ትንሹ ሳሙኤል አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ ለእናቱ ይከስሳል። እናቱም ዓይናቸው እንባ አቅርሮ፣ ሲዘፍን እናቱን አላስታወሰም ማለት ነው፣ ዝም ሲል ግን ያሰበ ይመስለኛልና አልችለውም፤ እናቱን ዳግመኛ አያያትም፣ ስለዚህ ይዝፈን የሚል መልስ ይሰጡታል። ደራሲው ከዚህ ቀጥሎ፣ ሳንዲን አንድ ጊዜ በቶም ሶየር ውስጥ እንደተጠቀመበት፣ አጥሩንም ሊያስቀባው ሞክሮ እንዳልተሳካለት በፈገግታ ይነግረናል። ይህን ካነበብኩ በኋላ ጂም እየዘፈነ ከበሩ ሲወጣ እንደ ድሮው መሳቅ አቅቶኛል። የልቦለዱ አንባቢ ዘፈኑን ይሰማል፤ የእናትየውን ቃል ግን አይሰማም። ያ ቃል ከሌላ መጽሐፍ ውስጥ ከብዙ ዓመታት በኋላ ነው የመጣው።

የተማሪዬ ጥያቄ ሌላም ነገር አሳየኝ። ባልዲው በሁለተኛው ምዕራፍ ይጠፋል፤ ውኃው ግን በሃያ ስምንተኛው ምዕራፍ ይመለሳል። ቶምና ሐክ ሌቦችን ሲከታተሉ፣ ሐክ ቀን የት እንደሚተኛ ቶም ይጠይቀዋል። ሐክ የሚተኛው በቤን ሮጀርስ ቤት የድርቆሽ ጎተራ ውስጥ ነው፤ ቤን ፈቅዶለታል፣ የቤን አባት ባሪያ የሆነው ሽማግሌው ጄክም ፈቅዷል። ሐክ ለጄክ በፈለገው ጊዜ ውኃ ይቀዳለታል፤ ጄክም ከተረፈው ምግብ ያካፍለዋል። ጄክ የሚወደው ከእርሱ በላይ ነኝ ብሎ ስለማይኮራበት መሆኑን ሐክ ይናገራል። ቀጥሎ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳንዴ አብሮት ተቀምጦ እንደበላም ይጨምራል፤ ይህን ግን ለሰው እንዳትነግር ይላል፤ ሰው በጣም ሲርበው ዘወትር ሊያደርገው የማይፈልገውን ነገር ያደርጋል።

እዚህ ላይ ሦስት ነገር ልብ ይሏል። አንደኛ፣ ፖሙን ከፍሎ አጥር የቀባው ቤን ሮጀርስ ቤቱ ሲገባ ሥራውን የሚሠራለት ባሪያ ያለው ልጅ ነው። ሁለተኛ፣ በመጽሐፉ መጀመሪያ ጥቁሩ ልጅ ለነጭ ቤት ውኃ ሲቀዳ አይተናል፤ እዚህ ነጩ ልጅ ለጥቁሩ ሽማግሌ ይቀዳል፤ ጂም ያላገኘውን ልውውጥ ሐክ ከጄክ ጋር ያለ ብይ፣ ያለ ተንኮል ፈጽሞታል። ሦስተኛ፣ የሚያሳፍረው ውኃ መቅዳቱ አይደለም፤ ማዕዱ ነው። በአንድ ገበታ መቅረብ ምን እንደሆነ፣ ለእገሌ ሠርቶ ከእገሌ ጋር አለመብላት ምን እንደሚመስል ለአማርኛ አንባቢ ማስረዳት የሚያስፈልግ አይመስለኝም። ሸክላውን እየገዛን ሠሪዋን ከማዕድ ያራቅን ሰዎች ነን። ቶም ሶየር የተባለው የሣቅ መጽሐፍ ባርነትን ከማንኛውም ገጹ ይበልጥ የሚያጋልጠው በእነዚህ ጥቂት ዐረፍተ ነገሮች ይመስለኛል፤ እነሱም በልጅነቴ ቅጂ ውስጥ አልነበሩም።

ይህን ክፍል ለማስተማር ስል ወደ አማርኛ ልመልሰው ሞከርኩ። የመጀመሪያው ችግር ሐክ ስለ ጄክ የተጠቀመበት የዘለፋ ቃል ነው። ባሪያ ብለን እንመልሰው ይሆን? በአሜሪካ አለን ግሪበን የሚባሉ ምሁር ሁለቱን ልቦለዶች በአንድ ጥራዝ አዘጋጅተው በ2011 ሲያሳትሙ ይህንኑ አድርገዋል፤ ቃሉን ባሪያ በሚለው ተክተው ብዙ ክርክር አስነሥተዋል። ተቃዋሚዎቻቸው እንዳሉት ስድቡ የሰውን ሕጋዊ ሁኔታ ሳይሆን ማንነቱን የሚመታ ነው፤ ነጻ የወጣውንም ሰው ይከተለዋል። የአማርኛው ቃል ግን ከእንግሊዝኛው አቻው የተለየ ታሪክ አለው። ጸሎት ላይ የእግዚአብሔር ባሪያ የትሕትና ስም ነው። በሌላ በኩል፣ ባርነት በአገራችን በ1934 ዓ.ም. በአዋጅ ከተሻረ በኋላም ቃሉ በየሰፈሩ የሰውን መልክና ትውልድ መምቻ ሆኖ ኖሯል። ስለዚህ በእንግሊዝኛ ማለሳለሻ የሆነው ቃል በአማርኛ ሊቆስቁስ ይችላል። እኔ ባሪያ የሚለውን አስቀርቻለሁ፤ ደስ ብሎኝ ግን አይደለም።

ሁለተኛው ችግር የባሰ ነው። እንግሊዝኛው ስለ ጄክ የሚናገርበት ተውላጠ ስም አንድ ብቻ ነው። አማርኛ ግን ያስመርጣል፤ እሱ ወይስ እሳቸው? በዚያ አገር ልማድ ነጮች ሽማግሌ ጥቁርን አጎቴ የሚሉት አቶ እንዳይሉት ነበር። እኔ አባባ ጄክ ብል እንግሊዝኛው የነፈገውን ክብር እሰጣለሁ፤ ጄክ ብዬ በአንተ ብጠራው ደግሞ የሚያበላውን ሽማግሌ አንቱ የማይል ባለጌ ልጅ አወጣለሁ፤ ሐክ ግን ባለጌ አይደለም፣ የከተማው ሰው ሁሉ እንደዚያ ቢያየውም።

ትዌይን ራሱ ይህን ማዕድ የተወው አይመስልም። በእንግሊዝ በ1884፣ በአሜሪካ በ1885 የታተመው «የሐክልቤሪ ፊን ጀብዱዎች» ተራኪነቱን ለሐክ ይሰጣል፣ አብሮ መብላቱንም ከጎተራ ወደ ታንኳ ያሸጋግረዋል። በዚያ ያለው ጂም ሌላ ጂም ነው፤ ጎልማሳ፣ ሚስትና ልጆች ያሉት፣ ልትሸጠው ካሰበች እመቤቱ የኮበለለ ሰው። ሐክ እንዲይዙት ለእመቤቱ ደብዳቤ ይጽፍና፣ ሲኦል ብገባም ልግባ ብሎ ይቀድደዋል። ሐውልስ በ1876 ከሐክ አፍ ያስወጡት ሲኦል በጓሮ በር ተመለሰ ማለት ነው፤ በዚህ ጊዜ ግን ለፀጉር መበጠር አይደለም። የማሳቹሴትሷ የኮንኮርድ ከተማ ቤተ መጻሕፍት መጽሐፉን በመጋቢት 1885 ከመደርደሪያው አወጣው። ለልጆች አይሆንም ተባለ። ፐርሲቫል ኤቨሬት በ2024 ባሳተመው «ጄምስ» የተባለ ልቦለድ ደግሞ ያው ታሪክ በጂም አንደበት ተተርኳል፤ በ2025ም የፑሊትዘር ሽልማት አግኝቷል።

የትዌይን ዓይን ሁሉን እኩል አላየም። የቶም ሶየር ክፉ ሰው ዲቃላው ጆ ተብሎ የሚሰደብ የአሜሪካ ቀደምት ነዋሪዎች ዝርያ ነው፤ በተዘጋ ዋሻ ውስጥ በረኃብ ይሞታል፤ ተራኪውም ምሕረት ይደረግለት ብለው ባለቀሱት ሰዎች ያላግጣል። ለእርሱ የሚሆን ሁለተኛ መጽሐፍ አልተጻፈም።

ባለፈው መንፈቅ የጄክን ክፍል ለተማሪዎቼ የትርጉም ሥራ አድርጌ ሰጠሁ። አብዛኞቹ እሱ አሉ፤ ጥቂቶቹ እሳቸው። የባልዲውን ጥያቄ የጠየቀችኝ ልጅ ግን ሁለቱንም ጽፋለች። ሐክ ስለ ውኃው ሲናገር «እቀዳላቸዋለሁ»፣ ምግቡን ሲያነሣ «ይሰጡኛል» እያለ መጥቶ፣ ማዕዱ ላይ ሲደርስ «አብሬው በልቻለሁ፤ ለሰው እንዳትነግር» ይላል። ተውላጠ ስሙ ወጥ ይሁን ብዬ በቀይ እስክሪብቶ አሰመርኩበት። ወረቀቱን ልትወስድ ስትመጣ አየችውና፣ «መምህር፣ እዚያ ጋ ሲደርስ ቶም እየሰማው መሆኑ ትዝ ብሎት ነው» አለችኝ። ቀዩን መስመር ሰርዤ ወረቀቷን መለስኩላት። አሁን ምዕራፍ ሁለትን ሳስተምር የምጀምረው ከአጥሩ ሳይሆን ከአንደኛው ምዕራፍ የእንጨት ፈለጣ ነው።